በመጽሐፍ የመጣ መርዶ

ከፍያለው መጽሐፍ ይጽፋል ሲሉኝ መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሮም ውስጥ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሐበሻ ብዙ አይቻለሁ፤ ግማሹ የሚጽፈው ስድብ ነው፣ ግማሹ ትታው ለሄደች ሴት ግጥም ነው። ከፍያለው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቲቡርቲና አጠገብ አንዲት ጠባብ ቤት ተጋርተን እንኖራለን። ሥራው ባዳንቴ ነው፤ ሲኞር ጆርጆ የሚባሉ ሽማግሌ ያጥባል፣ ያበላል፣ ደግፎ ያስኬዳል። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ እሱ ወጥ ቤታቸው ተቀምጦ ይጽፋል። "ሲያንኮራፉ ነው የሚቀናኝ" ይል ነበር።

ልቦለዱ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ኮምቦልቻ ተወልደው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ኳስ ሲራገጡ ያድጋሉ፤ ታላቅየው ሮም ይገባል፣ ታናሽየው እከተለዋለሁ ብሎ ከቤት ይወጣል። መጽሐፉ የሚያልቀው ታላቅየው ቲቡርቲና መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። አውቶብስ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ እሱ እንደቆመ ይቀራል። በቃ። አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩበት። "ከዚያስ?" አልኩት። "ከዚያማ እኔም አላውቅም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ታናሽ ወንድሙ ዮሲ ከሊቢያ "ነገ እንነሣለን" ብሎ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሰጠመ ያለ የለም፣ ታሰረ ያለ የለም፣ አየሁት ያለ የለም። ከፍያለው ሲሲሊ ድረስ ወርዶ ፎቶውን ያላሳየው ሰው የለም። በልቦለዱ ውስጥ የልጁን ስም ዮሲ ብሎ ሲተወው "ቀይረው እንጂ" ስለው፣ "ከቀየርኩት ሁለተኛ የጠፋ ይመስለኛል" አለኝ።

እናታቸው እማማ የሺወርቅ በየእሑዱ ከኮምቦልቻ ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት "ወንድምህስ?" ብለው ነው። "እያፈላለግሁ ነው እማዬ" ይላቸዋል። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። የጠፋ ሰው ግን ከቤት አይወጣም። እማማ የሺወርቅ የዮሲን አልጋ እያነጠፉ ነበር የሚኖሩት። ያችን ተስፋ መንካት እሳቸውን መንካት እንደሆነ ከፍያለው ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

አዲስ አበባ ያሉ አሳታሚዎች ወረቀት ተወዷል እያሉ መለሱት። እዚህ ደግሞ አማርኛ ማን ያነባል? በዚህ መሐል ኢላሪያ መጣች። ኢላሪያ ድሮ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች ማቆያ ሳለ ጣሊያንኛ ያስተማረችው ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የጠፋበት ጊዜ ኩዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ አብራው ተሰልፋለች፣ የታመመ ጊዜ ሾርባ ይዛ መጥታለች። እሱ በቃሉ እየነገራት፣ እሷ እየጻፈች መጽሐፉን ወደ ጣሊያንኛ መለሱት። አንዲት ትንሽ አሳታሚም ተገኘች። አሳታሚዋ ግን መጨረሻውን አልወደደችውም።

ኢላሪያ ይህን ልትነግረው ቤታችን ስትመጣ እኔም ነበርኩ።

"አሎራ፣ ከፍያለው፣" አለችው፣ "አንባቢ ልጁ የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል። ባሕሩ ላይ ቢቀር… አንተም በልብህ የምታውቀው ይመስለኛል።"

ከፍያለው አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየ። እኔ እንቢ በል እያልኩ በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሾርባ ይዞ ለመጣ ሰው እንቢ አይባልም። ይሉኝታ አንቆ ያዘውና "ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለ። ከሄደች በኋላ ጮህኩበት። "ልቦለድ እኮ ነው" አለኝ። "ደግሞ በጣሊያንኛ ነው። እማዬ ጋ አይደርስም።"

የመጨረሻው ምዕራፍ እንዲህ ሆኖ በጣሊያንኛ ብቻ ተጻፈ። በዚያ ምዕራፍ ዮሲን ባሕር በላው።

መጽሐፉ እንደወጣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ጥቁር ደራስያን ስለ ጽሕፈት ሕይወታቸው የሚወያዩበት መድረክ አዘጋጅቶ ጠራው። ጃኬቴን አበድሬው አብሬው ሄድኩ። አጠገቡ የተቀመጠችው ደራሲ አሌሳንድራ ትባላለች፤ አያቷ አስመራ ተወልደው እሷ እዚሁ ሮም ያደገች ናት። "እኔ የጻፍኩት ስለ አንዲት መርማሪ ፖሊስ ነው" አለች። "አሳታሚ ሁሉ ግን ለምን ስደተኛ አላደረግሻትም ይለኛል።" ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አወያዩ ወደ ከፍያለው ዞሮ መጽሐፉ እንዴት ለኅትመት እንደበቃ ጠየቀው። ከፍያለው ስለ ሲኞር ጆርጆ ማንኮራፋት ሊያወራ አፉን ሲከፍት፣ ሰውየው ቀድሞት የመጨረሻውን ገጽ ማንበብ ጀመረ። ሲጨርስ እንባ አቅርሯል። "ለዮሲ እንነሣ" አለ። አዳራሹ በሙሉ ለሕሊና ጸሎት ቆመ። ከፍያለው ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ "ተቀመጡ፣ ወንድሜ መሞቱን አላውቅም" ማለት ነበረበት። ግን ያ ሁሉ ሰው ለሱ ሲል ተነሥቶ እንዴት ተቀመጡ ይበል? እሱም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ።

ከኋላ ወንበር ሶሊ ነበረች። የጋሽ በዛብህ ልጅ ናት። ጋሽ በዛብህ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ስልክ ቤት ያላቸው፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሶሊ እዚህ ስለተወለደች መጽሐፉን በጣሊያንኛ አንብባዋለች። ያነበበችውንም ያየችውንም ሄዳ ለአባቷ ነገረች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፍያለው ከአልጋው ሳይነሣ ገብተው ዙሪያውን ቆሙ።

"ልጄ፣" አሉት ጋሽ በዛብህ፣ "ብቻህን ተሸከምከው። እናትህ እንዳይሰሙ ብለህ በሰው አገር ቋንቋ ጻፍከው፤ ይገባናል። አሁን ግን ይበቃሃል። ዮሲን አብረንህ እናልቅሰው።"

"ጋሽ በዛብህ፣ እሱ እኮ ልቦለድ ነው። የፈጠርኩት ነው።"

"ስሙን ዮሲ ብለህ?"

"አዎ።"

"ሰው ሁሉ ሲቆምለት አንተም አብረህ ቆመህ?"

በሰዎቹ አልፈርድም። አባቱ የሞተበትን ልጅ "ትንሽ አሞታል" እያልን ዓመት የምናቆይ ሕዝብ ነን። ልቦለድ ነው ባለ ቁጥር፣ ዛሬም ይደብቃል ብለው አምርረው አለቀሱለት።

"እሺ፣ እባክዎ ለማንም አይንገሩ። እማዬ እንዳትሰማ" አለ።

ጋሽ በዛብህ መሬት መሬት አዩ። "እናት ከመንገደኛ አትሰማም ልጄ። ከዘመዶችህ ጋር ተቀጣጥረን ነው የመጣነው። ኮምቦልቻም እነሱ በዚሁ ጠዋት ለመርዶ እናትህ ቤት ገብተዋል።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህኛው ደግሞ ታትሞ የወጣ ነው።

ደወለ። ከወዲያ ለቅሶ ይሰማል። ስልኩን ለእናቱ እስኪሰጡለት የሚለውን በከንፈሩ ሲለማመድ አየሁት።

"እማዬ፣ ስሚኝ። ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"እንግዲያ አለ?" ድምፃቸው በአንዴ ሲነሣ ቤት ያለነው ሁሉ ሰማን። "ዮሲ አለ በለኝ!"

አለ ማለት አልቻለም። "አላውቅም እማዬ።"

"ያላወቅኸውን ሞት ትጽፋለህ?"

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው፣ በደከመ ድምፅ፣ "ሲሞት የተናገረውን ጽፈሃል አሉኝ። ምን አለ ልጄ? አንብብልኝ" አሉት።

ከፍያለው መጽሐፉን አወረደ። ያ ምዕራፍ በአማርኛ የለም፤ ጽፎት አያውቅም። ሴቶቹ መሬት ላይ ያነጠፉለት ፍራሽ ላይ ተቀመጠና ጣሊያንኛውን እያየ፣ እየተንተባተበ፣ ወንድሙን በአማርኛ አሰጠመው። ልጁ ውሃው ሳይውጠው በፊት "እማዬን አደራ" ይላል። ኢላሪያ የጨመረችው ቃል ነው። እዚያ ሲደርስ ስልኩ እሪታ ሆነ።

የዮሲን አልጋ ያን ቀን አነሡት አሉ። እማማ የሺወርቅ አሁንም በየእሑዱ ይደውላሉ፤ "ወንድምህስ?" ግን አይሉም። ከፍያለው መጻፍ ትቷል። ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ቀን ቲቡርቲና መናኸሪያ ቆሞ አገኘዋለሁ። ባለፈው "ዛሬም ትጠብቀዋለህ?" አልኩት።

"ድሮ እንዳይቀር ነበር የምፈራው" አለኝ፣ ዓይኑን ከሚወርዱት ሰዎች ሳያነሣ። "አሁን ቢመጣስ ብዬ ነው የምፈራው።"