የወንድሜን ሲልከን ስፍቅ

ታላቅ ወንድሜ ሰኔ ውስጥ ሞተ። መካኒሳ ግቢያችን ውስጥ እናታችንን፣ እኔንና ነጭ ቮልሱን ትቶ ሄደ። ቮልሷ በዕድሜ ሁለታችንንም ትበልጣለች። ዝናብ ሲጥል በፊት መስታወቷ ዙሪያ ታፈሳለች። ወንድሜ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀዳዳ የሚደፈንበት አንድ ቱቦ ሲልከን ይገዛና የድሮውን ሳይፍቅ በላዩ ላይ ይቀባበታል። "ከእንግዲህ አታፈስም" ይላል። ዝናብ ሲመጣ ታፈሳለች።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። የአርባው ዕለት አቦ ቤተ ክርስቲያን በልጇ መኪና መሄድ ትፈልጋለች። ሳትረጥብ። በእሱ ጊዜ በክረምት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ደርቃ የወረደችበት ቀን አልነበረም። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሥራ የለኝም። እሺ አልኳት።

ቢላዋ ይዤ መፋቅ ጀመርኩ። ችግሩ፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ ሳሎን አንገቴን ደፍቼ ሊያገኘኝ ይገባ ነበር። የቮልስ ኮፈን ላይ ተደፍቼ አገኘኝ። ልጁን ሐዘን ነካ አድርጎታል ብለው ለእናቴ የነገሯትም ነበሩ። እናቴ ሲልከን እየፋቀ ነው አለቻቸው። ከዚያ ወንበሮቹን ወደ ግቢ አወጡ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ይለኛል፣ ይቀመጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ትንሽ ቆይቶ በቤንዚን ሞክረው ይላል። ሌላው ቤንዚን ቀለሙን ይበላዋል ይላል። ለቡ የሚኖረው አጎታችን የፈላ ውሃ ነው መድኃኒቱ አለ። ከጎፋ የመጡ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ጸበል ረጭቼበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም። ስለ ወንድሜ ማንም ብዙ አላወራም። እኔም ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ በምላጭ እየሰነጠቅህ ሳበው፣ አንዲት ቁራጭ ከቀረች አዲሱ አይይዝም አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። እንደ ሥጋ ጅማት እየተጎተተ ወጣ። የላይኛው ጥቁር ነው። ከሥሩ ውሃ የሚመስለው አለ። እሱን ሲቀባ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቱቦውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከሥሩ ደግሞ ነጭ አለ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነው። ነጩን አላስታውሰውም።

በእናቴ ወንበር በኩል ያለውን የታችኛውን ጥግ ከውስጥ ስፍቅ ሮዝ ነገር አገኘሁ። ማስቲካ ነው። ሲልከኑ አልቆበት ይሆናል፣ አኝኮ ቀዳዳውን ደፍኖበታል። በጥርሱ የነከሰበት ቦታ ሳይጠፋ ደርቋል። ወንድሜ ፍንጭት ነበር። ፍንጭቱ ማስቲካው ላይ ይታያል።

ምላጩን አስቀመጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ማስቲካ።"

"በበረዶ አድርቀህ ንቀለዋ።"

"ይቅር፣ ጋሼ።"

"ከቀረ በዚያ በኩል ያፈሳል።"

"አውቃለሁ።"

ጎንበስ ብለው አዩት። አተኩረው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። በላዩ ብቀባበት ይሸፈን ነበር፣ ብሸፍነው ደግሞ አላየውም። ለእናቴ ደርቀሽ ትሄጃለሽ ብያታለሁ። ሁለቱን ማድረግ አልቻልኩም። አዲሱን ሲልከን ዙሪያውን ቀባሁና ያቺን ጥግ ተውኳት። ለእናቴ አልነገርኳትም።

የአርባው ዕለት ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። አስፋልቱ ላይ እስክንወጣ ምንም የለም። እናቴ ከላይ አየች፣ ከጎን አየች፣ "ጎበዝ" አለችኝ። ወዲያው ጉልበቷ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ሁለተኛው።

"ጨርሻለሁ አላልክም እንዴ?" አለችኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ያቺን ጥግ አውቄ ነው የተውኳት አልኳት። ለምን አለች። እይው አልኳት። ጎንበስ አለች። በጣቷ ልትነካው ነበር፣ ተወችው። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከኋላችን ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋ።

"ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ" አለች፣ "ማስቲካ እያኘክ አታናግረኝ ብዬ።"

ቀና አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ንዳ በል፣ ቄሶቹ ይጠብቃሉ።"

ነዳሁ። ውሃው መንገዱን ሙሉ ጠብ አለ። ጉልበቷን ፈቀቅ አላደረገችም።