ለኳስ የተቆፈረ ጉድጓድ

አጎቴ ስለዚያ ሜዳ በተነሳ ቁጥር አንድ ቃል ነበረቻቸው፦ «ለኳስ ብሎ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው የለም።»

ሜዳው ከላሊበላ ዳር ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ሆቴል ለፈረንጅ እንግዶቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ የሚያስገቡበት የጎልፍ ክበብ አቋቁሞበት ነበር። አጎቴ በዚያ ሲያልፉ ከዘራቸውን በየጉድጓዱ እየሰደዱ ይፈትሻሉ። የተሰረቀ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሰወርበት ይመስላቸው ስለነበር፣ የሜዳውን ዘበኛ ሰላምታ እንኳ በጎሪጥ እያዩት ነው የሚመልሱለት።

ደርግ መጣ፤ እንግዳው ቀረ፤ ክበቡም ተዘጋ። ከዚያ አንድ ካድሬ ጉድጓዶቹን አየና «ጥይት ቀብረህባቸዋል» ብሎ ዘበኛውን ያዘው። ሰውየው «የኳስ ናቸው» እያለ ቢምል ማን ይስማው! የአገር ሽማግሌ ይመስክር ሲባል ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። አለቀለት አልሁ በሆዴ።

«የኳስ ናቸው» አሉ አጎቴ። «ሲጫወቱባቸው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዘበኛው ተለቀቀ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ አመኑ?» አልኋቸው።

ተቆጡ። «ምን ያሳምነኛል! ግን ከጉድጓዱም ይልቅ የካድሬው ዓይን አላማረኝም።»

ከቀብራቸው ስመለስ ከዘራቸው እንደ ወትሮው በራቸውን ተደግፎ ቆሟል፤ የሚያነሳው የለም። ይዤው ወደ ሜዳው ወጣሁ። ሣር ከሸፈናቸው ጉድጓዶች አንዱን ፈልጌ እስከ ታች ሰደድሁት። ባዶ ነው።

አላመንሁም። ወደሚቀጥለው አለፍሁ።