ሦስት ደቂቃ ለሰላምታ አይበቃም

እትዬ ቦንቱን ሥራ ፈት ያላቸው ሰው ካለ መጀመሪያ ከኔ ጋር ይነጋገር። ከዊንጌት ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ሲያዛጉ እንኳ አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይገዙ ነው። መብራት እንቆጥብ ብሎ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ካልተነኩ እንዲተኙ አስደረገ። እሺ፣ ደግ። ቀጥሎ ግን የማን ኮምፒውተር ስንት ሰዓት እንደተኛ እያስቆጠረ በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን ጀመር። ብዙ የተኛበት ሰው ሰነፍ ነው ማለት ነው። የእትዬ ቦንቱ በቀን አራት ሰዓት! "በዚህ ወር ካልተስተካከለ ከሥራው ይነሳሉ" ተባሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ቢወጡ ማን ይቀጥራቸዋል?

እሳቸው ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሳሉ። በመስኮቷ ቀዳዳ "ስም?" ብሎ ነገር አያውቁም። ከእንጦጦ ጀርባ የወረዱ አዛውንት ከሆኑማ ወጥተው አግዳሚው ላይ አብረዋቸው ይቀመጡና በኦሮምኛ ሰላምታውን ይጀምሩታል። እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ ጉልበትዎስ... ሦስት ደቂቃ ምን አላት? ኮምፒውተሩ ከኋላቸው ድርግም ብሏል።

እኔስ? እኔማ ብልጥ ነኝ! የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ማውሱን እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሰከንድ ቆጣሪው በዞረ ቁጥር ማውሱን ሰው ያንቀሳቀሰው ይመስላል፤ ኮምፒውተሬ ቀኑን ሙሉ ቦግ እንዳለ ይውላል። እኔ ሻይ ልጠጣ ብወጣም እሱ በርቶ ይጠብቀኛል። ዝርዝሩ ላይ አንደኛ፣ ምስጉን ሠራተኛ ሩታ!

"እትዬ፣ ለእርስዎም ሰዓት ላምጣልዎት" አልኳቸው።

"ወግጂ! በዚህ ዕድሜዬ ለማሽን ልዋሽ?"

አንድ ማክሰኞ ጋሽ ቶለሳ የሚባሉ ሽማግሌ እያሳላቸው መጡ። በአንድ ደቂቃ አዲስ ካርድ አወጣሁላቸውና ወደ ሐኪሙ ሰደድኳቸው። ወጥተው የመርፌ ተራ ሲጠብቁ እትዬ ቦንቱ እንደ ልማዳቸው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሰላምታው መሃል ላይ ጋሽ ቶለሳ "ፊትም እዚሁ ታክሜ ነበር፤ ያኔ የጻፈችኝ ልጅ በክርስትና ስሜ ነው የመዘገበችኝ" አሉ። እትዬ ቦንቱ ብድግ ብለው ወልደ ሰንበት የሚለውን አሮጌ ካርድ ፈልገው አወጡት። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማውም" ተብሎ ተጽፏል። የታዘዘላቸው መርፌ ፔኒሲሊን ነበር። እትዬ ቦንቱ ካርዱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ሮጡ፤ መድኃኒቱ ተቀየረ።

ዓርብ ስብሰባ ተጠራን። አቶ ይገዙ ዝርዝሩን ዘርግቶ "ወይዘሮ ቦንቱ፣ ማስተካከል አልቻሉም" አለ።

እትዬ ቦንቱ ተነሱ። "ኮምፒውተሩ እንዲተኛ ያደረጋችሁት መብራት ለመቆጠብ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ከሁሉ አብልጬ የቆጠብኩት እኔ ነኛ! ሽልማቴ የታል? ልታባርሩኝ ከፈለጋችሁ አባርሩኝ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ግን ስም አልጠይቅም። በቃ!"

አቶ ይገዙ ፊቱ ቀላ። "ሩታን አያዩም እንዴ? የሷ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተኛም!"

ያን ጊዜ እፍረቱ ለበለበኝ። ሄጄ ሰዓቴን ከማውሱ ሥር አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። "ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችው እቺ ናት፤ እኔ አይደለሁም። የጋሽ ቶለሳን ካርድ በአንድ ደቂቃ ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ ከኔ ጀምሩ!" አልኩት።

ማንም አልተባረረም። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ የለም፤ ማን እንደገነጠለው አቶ ይገዙም አልጠየቀም። እትዬ ቦንቱ ዛሬም መስኮታቸው ጋ ናቸው። እኔ ሰዓቴን ክንዴ ላይ አሰርኩ፤ ሽማግሌ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ኦሮምኛውንም እየተንተባተብኩ እሞክራለሁ። የኔ ኮምፒውተር አሁን በቀን ሦስት ሰዓት ይተኛል። ከፈለጉ ይለጥፉት!