በሐጂ ሣጥን የተሰፋው የይለፍ ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲሱን ላፕቶፔን ከመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ጋር በርቀት ስታገናኝልኝ፣ ስክሪኑ ላይ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥልዎ?» የሚል ጥያቄ ብቅ አለ። ማሽን አንቱ ሲለኝ ደስ ይለኛል። «አባ፣ እሺ በለው፤ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ማንም አያየውም» አለችኝ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ማንም አያየውም ተብሎ የተቀመጠ አንድ የይለፍ ቃል ለዓመታት እንዴት እንዳስጨነቀኝ ከየት ታውቃለች?

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሐጂ እንድሪስ በሚባሉ ነጋዴ የጅምላ መደብር ከሰይድ ጋር እሠራ ነበር። ሰይድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እኔ ረዳቱና የሻይ ጓደኛው። ሩዙም ስኳሩም ያለው ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ነው። የጭነት ማዘዣ የሚወጣው ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ሲሆን፣ እሱን ደሴ ቁጭ ብለን በርቀት እንከፍተዋለን። «የሐረጎን ቁልቁለት ሳትወርዱ ኮምቦልቻ ደረሳችሁ? ማሻአላህ!» ይሉን ነበር ሐጂ። የመጋዘኑን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ሰይድ አንዴ አስገብቶታል፤ ከዚያ ወዲያ የደሴው ኮምፒውተር ያስታውሰዋል። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ።

ጥር ላይ ሰይድ አገባ። በሠርጉ ማግስት የጠፋው መብራት በኃይል መጣና የደሴውን ኮምፒውተር አቃጠለው። የሚያስታውስልን ሞተ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሰይድ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን ከተማ ጫጉላ ቤት ነው፤ ስልኩን ሚዜዎቹ ነጥቀው ዘግተውበታል። ሐጂ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ያኔ ነው መፍራት።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በፊት መኪኖቹ ካልተጫኑ ሰይድ እዚያው ደጋን ይክረም። እኔ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አሉ።

ሙሽራ በጫጉላው እንጀራውን ሊያጣ ነው! ወደ መናኸሪያ በረርኩ። የደሴ የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሐረጎን ስንወርድ ጃኬቴን፣ ኮምቦልቻን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። ደጋን ስደርስ ቆዳዬንም ባወልቅ ደስ ባለኝ።

ሚዜዎቹ ግን ሊሰሙኝ ነው? «ሳይበላ የሚያወራ እንግዳ እኛ ጋ የለም!» ብለው ቅቤና ማር የዋኘበት ጨጨብሳ ፊቴ ደቀኑ። ምላሴ እየተቃጠለ ዋጥኩት። በመጨረሻ ሰይድ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ወጣ። ነገሩን ስነግረው ከቤቱ ጀርባ ጎተተኝ።

«ይመር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሐጂ እንዳይሰሙ» አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሐጂ ያንኮራፋል።»

«ምን?»

«የይለፍ ቃሉ ነዋ!»

ሐጂ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ የሩዝ ጆንያ ተደግፈው ሲያሸልቡ ማንኮራፋታቸው እስከ ጎረቤት ሱቅ ይሰማል። ይህን ግን ደፍሮ የሚነግራቸው የለም። «ሞቼ እንኳ ለሰው የማልናገረው ቃል ይሁን ብዬ ነው» አለኝ ሰይድ። አንቱታ እንኳ አልጨመረበትም!

ኮምቦልቻ ስመለስ ሐጂ ራሳቸው ወርደው መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ከትከሻዬ ኋላ ቆሙ። ቃሉን መታሁ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ። መኪኖቹ ከዐስር ሶላት በፊት ተጭነው ወጡ።

«ሰይድን አብሽር በለው፣ ጫጉላውን ይጨርስ» አሉ ሐጂ። «ግን የመጋዘኔ ቁልፍ በአንድ ሰው ራስና በአንድ ማሽን ብቻ አይቀመጥም። ጻፈው።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ለእርስዎ?»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሣጥኔ ነው እንጂ።»

ሐጂ አደራ ጠባቂ ነበሩ። መካ የሚሄደውም፣ አረብ አገር የሚሻገረውም ወርቁን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በገዛ እጁ ሰፍቶ፣ እሳቸው ሣጥን ውስጥ ይተዋል። ሌላ ቃል ልጽፍ አሰብኩ፤ ግን በአደራ ላይ ውሸት እንዴት ይጻፋል? በተቃጠለው ምትክ የሚገዛውም ኮምፒውተር ቢቃጠልስ? እውነቱን ጽፌ፣ አጣጥፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጆንያ መስፊያ መርፌ ጠማማ አድርጌ ሰፋሁት።

ሰይድ ከጫጉላው ሲመለስ ቃሉን ቀየረው። ማንም የማይገምተው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ፈጥሮ፣ በአንድ ዋና የይለፍ ቃል ብቻ የሚከፈት ፕሮግራም ውስጥ አኖረው፤ ያ ዋና ቃልም እንደ ደንቡ ተሰፍቶ ሣጥኑ ገባ። የድሮዋን ጨርቅ መልሱልን ለማለት ግን ሁለታችንም ወኔ አጣን። ሐጂ ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር ሰይድ ሻይ አይወርድለትም፤ አልቀረለትም፣ ተባረረ እያልኩ እኔም አብሬው እጨነቃለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ አግኝቼ ስሰናበት ሐጂ ጠሩኝና «አደራህን ውሰድ» ብለው ጨርቋን እጄ ላይ አኖሩ። ጠማማው ስፌቴ እንዳለ ነው።

«ሐጂ፣ ምን እንዳለበት ለማወቅ አልፈለጉም?» አልኳቸው።

«መፈለጉንማ! ሣጥኑን ስከፍት የሁለታችሁ ፊት ሲቀያየር እያየሁ፣ ወላሂ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ! ካላጓጓማ አደራ መባሉ ምኑ ላይ ነው?»

«አባ፣ ምን ልበለው?» አለችኝ ልጄ፣ ጥያቄው አሁንም ስክሪኑ ላይ እንዳለ። «እሺ በይው» አልኳት። ማሽኑ ቆልፎ እንደሚያስቀምጥልኝ አምናለሁ፤ እሱ ማየት አያምረውም። ሐጂ ግን እያማራቸው ነው የጠበቁልን።