ከመሬት የማይነሳ እግር

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ደጃፍ የደንበኞችን መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። የሬስቶራንቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ በወሩ መጨረሻ ዓርብ ምሽት እስክስታ እንድጨፍር መድረክ ላይ ሊያወጡኝ ቃል ገቡልኝ። «ትከሻህ ግሩም ነው፤ እግርህ ግን ተቸንክሯል። እሱን ካላስተካከልክ ወደ ፓርኪንግህ» አሉኝ።

ጥፋቱን በጫማዬ አላከክሁና ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር፣ ለዳንሰኞች ጫማ የሚሠሩ አይሁዳዊ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ከሩሲያ የመጡ ናቸው። ስለ ዓርቡ መድረክ ነገርኳቸው። እግሬን ሳይለኩ «እስቲ ጨፍር» አሉኝ።

«ሙዚቃ የለም» አልኳቸው።

በመዶሻቸው ጠረጴዛውን ይመቱልኝ ጀመር። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች እያዩኝ ትከሻዬን አንቀጠቀጥኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ሽማግሌው የሚያዩት እግሬን ብቻ ነበር። መዶሻውን አስቀመጡ።

«በማን ጫማ ነው ጭፈራ የተማርከው?»

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። «በታላቅ ወንድሜ ጫማ። ሦስት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። እግሬን ካነሳሁ ይወልቃል።»

«እኔ በአባቴ» አሉና ተነስተው፣ ተረከዛቸውን ከወለሉ ሳያነሱ፣ ልክ እንደ እኔ እየተንሸራተቱ ሱቁን ዞሩት። ከዚያ ሜትራቸውን አወጡ።

«የአዲሱን ጫማህን ማሰሪያ አጠብቅልሃለሁ። ዓርብ ምሽት የእኛ የአይሁዶች ሰንበት ስለሚገባ መጥቼ አላይህም። አንተ ግን እግርህን አንሳ፤ አይወልቅም።»