ሦስት ሐኪም ያለው ሰው

ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ በግንበኞች መለኪያ ስም ውሃ ልክ ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖሮ፣ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ የቤቱን ግድግዳ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ ሳያይ አይቀመጥም ነበርና ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። ይህን ታሪክ አሁን ራሱ ያወራዋል፤ ሲያወራም ለራሱ አያዝንም።

ወገቡ የተጎዳው እርሳስ ሲያነሣ ነው። ዓመት ሙሉ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቅሁ እያለ ሲያወራ ከርሟል፤ አድማጩ ከተመቸው አራተኛ ያደርገው ነበር። እውነቱ ግን መሬት ላይ የወደቀ እርሳስ ለማንሣት ጎንበስ አለ፣ ወገቡ ቀጭ አለ፣ ቀና ማለት አቃተው። አራት ሰው እንደ ቁም ሣጥን ተሸክሞ አወጣው።

ሕመሙ አልለቅ ብሎ ወራት ሲቆጠሩ አንዲት ሐኪም ጠንካራ ማስታገሻ አዘዘችለት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከዚያ በላይ እንዳይነካ። የመጀመሪያው ሰሞን ዳግም የተወለደ መሰለው። እየቆየ ግን ኪኒኑ እንደ ድሮው አልይዘው አለ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ጨመረ። ቀጥሎ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ፤ ከዚያ ደግሞ ሳያመው «ምናልባት ካመመኝ» ብሎ አንድ። የወሩ ኪኒን በአሥራ አምስተኛው ቀን አለቀ።

ለሐኪሟ አለቀብኝ ማለት አሳፈረው። ስለዚህ ሌላ ክሊኒክ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛ ጨመረ። አንደኛው ጋ ሕመሙ ወደ ግራ እግሩ ይወርዳል ይላል፣ ሌላኛው ጋ ወደ ቀኝ። እንዳይምታታበት ቆቡ ውስጥ ጽፎ ያዘው። ያን ጊዜ የፈጠረውን ወሬ ሲያስበው፣ ደራሲ መሆን ሲችል ሴራሚክ ላይ ዕድሜውን መፍጀቱ ይቆጨዋል።

ጉዱ የፈላው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። መታጠቢያ ቤታቸውን ማንጠፍ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሴትየዋ አዲሱ መደርደሪያ ላይ ሳሙና ሲያስቀምጡ ሳሙናው ቀስ እያለ ሄዶ ወደቀ። መልሰው አስቀመጡት፤ መልሶ ወደቀ። ዘመም አላለም ወይ ብለው በትሕትና ቢጠይቁት፣ የዘመመው ቤቱ ነው አላቸው። የውሃ ልክ መለኪያውን ቢያስቀምጥ አረፋው ወደ ጥግ ሸሸ። ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ገዝቶ መጣ። አዲሱም ያንኑ መሰከረ። የዛሬ ዕቃ ብሎ ተማረረና ነገሩን ሊያስብበት ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። መምህርቷ ቢጠሩት ቢጠሩት አልሰማ ሲላቸው ደንግጠው ሚስቱ ጋ ደወሉ። ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ፊቱ ቆማለች፤ እግሩን ያሳረፈበት ማጣበቂያ ደርቆ ጫማው ከወለሉ ጋር አንድ ሆኗል።

ሚስቱ ጫማውን የምትፈነቅልበት መሮ ፍለጋ የዕቃ ሣጥኑን ስትከፍት ሦስት የኪኒን ብልቃጥ አገኘች። በላያቸው የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበበች።

«ሦስት ሐኪም አለህ ማለት ነው» አለች። «አንዳቸውም ግን አያውቁህም።»

ነገሩ አጥንቱ ድረስ ገባ። እልህ ያዘውና ብልቃጦቹን አስረክቦ፣ ከዛሬ ወዲያ አልነካም ብሎ ማለ። ወንድነቱ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው እንደተበላሸ ቧንቧ ይፈሳል፤ ከመጸዳጃ ቤትም አልወጣ አለ። እዚያ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ አንድ ጠማማ ሴራሚክ አየ። የገዛ ሥራው ነው።

ሚስቱ ደግፋ ወደ መጀመሪያዋ ሐኪም ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጅ ሄደ። ሐኪሟ ሕመሙ በየትኛው እግሩ እንደሚወርድ ስትጠይቀው ግን ለእሷ የነገራት የትኛውን እንደነበር ጠፋው፤ ቆቡንም ቤት ረስቶታል። እውነቱን ሁሉ ዘረገፈው።

ቁጣ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሰውነቱ መድኃኒቱን እንደለመደ፣ ይህ በብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ በአንድ ጊዜ ማቆሙም ስሕተት እንደነበር በረጋ ድምፅ አስረዳችው።

«ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ሐኪም፣ አንድ ፋርማሲ» አለችው። «ሲብስብዎት ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ ለራስዎ አይዘዙ።»

ኪኒኑ በየሳምንቱ ተቆጥሮ እንዲሰጠው አደረገች። ለሚስቱም እንቅልፉ ከበድ፣ ትንፋሹ ዘገም ካለ ጊዜ ሳታጠፋ ሆስፒታል እንድታደርሰው ነገረቻት። ለወገቡ ደግሞ የሰውነት ማፍታቻ ትምህርት ታዘዘለት። እዚያ ሲሄድ ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የእናቱ እኩዮች ናቸው። ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ወገባቸውን አንሡ ሲባሉ ሁሉም አነሡ፤ እሱ አቃሰተ። አጠገቡ ያሉት እናት ትንፋሽህን አትያዝ ልጄ እያሉ እስከ መጨረሻው አበረታቱት። ይህን ለባልደረቦቹ አልተናገረም፤ ጂም ጀምሬያለሁ ነው ያላቸው።

በሦስተኛው ወር ተንሸራተተ። የሳምንቱን ኪኒን በአራት ቀን ጨርሶ ፋርማሲ ሄደና የቀሩት መታጠቢያ ውስጥ ገብተው ቀሩ አለ። ፋርማሲስቷ መዝገቧን ገለጠች። ብዙ ሳይቆይ ራሱ፣ «ሆዴ ውስጥ ነው የገቡት» አለ። እዚያው ሆና ለሐኪሟ ደወለች፤ አላባረሩትም። መቀነሱን ለጊዜው ባለበት አቁመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠሉ። የመምህርቷን ግድግዳ አፍርሶ እንደገና የሠራውም በዚያው ሰሞን ነው።

ዓመት ሳይሞላ ጠንካራውን ኪኒን ተወ። ወገቡ አልዳነም፤ ጠዋት ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ አሁንም ትልቅ ፕሮጀክት ነው። ግን ግማሽ ቀን ይሠራል፣ ይራመዳል፣ የሴራሚክ ካርቶን ግን አይሸከምም።

በቅርቡ አንድ አናጢ ጓደኛው ትከሻውን እያሸ፣ ከዚያ ኪኒንህ የተረፈ ካለ ብሎ ጠየቀው። የተረፈውን ፋርማሲ እንደመለሰ፣ ቢኖረውም እንደማይሰጠው ነገረውና በማግስቱ ክንዱን ይዞ ወደ ሐኪሟ ወሰደው። ተራ ሲጠብቁ የራሱን ገድል ሁሉ ተረከለት፤ ወረፋ የያዙት ሰዎችም ሰምተው ሳቁ። ነርሷ ብቅ ብላ የአናጢውን ስም ስትጠራ፣ እግሩ ለምዶ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ያመራው ውሃ ልክ ነበር።