ሱራዎቹን በወረዱበት ተራ ያስቀራው ልብስ ሰፊ

አብዲ ከስልጤ አገር ጂንካ የገባው በ1985 ዓ.ም. አጎቱን ተከትሎ ነው፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዳር በረንዳ ተከራይቶ ልብስ ይሰፋል። ጠዋት ጠዋት፣ የስፌት መኪናውን ሳይነካ፣ የሰፈሩን የሙስሊም ልጆች ቁርኣን ያስቀራል፣ ንባቡን ያስጠናል። «ልብስ ሰፊው» ሲሉት ሥራውን ይቀጥላል። «ኡስታዝ» ሲሉት ግን አንገቱ ቀና ይላል።

ከደንበኞቹ አንዱ የታሪክ መምህሩ ኤልያስ ነው። ኤልያስ ጴንጤ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣

«አብዲ፣ ቁርኣን በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ነው የወረደው አይደል የምትሉት? መጀመሪያ የወረደው ነው መጀመሪያ ላይ ያለው?» አለው።

«አይደለም። መጀመሪያ የወረደው ‹አንብብ› የሚለው ነው። እሱ ወደ መጨረሻው ግድም ነው ያለው።»

«ታዲያ የትኛው መቼ እንደወረደ በምን ይታወቃል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪህን ላሳጥር ወይስ ፈተና ልፈተን?»

ተሳሳቁ። ጥያቄው ግን አብዲን አልለቀቀውም። ኤልያስም በሳምንቱ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አዋሰው። መጽሐፉ፣ አጥኚዎች የሱራዎቹን ማለትም የቁርኣን ምዕራፎቹን ርዝመት፣ አነጋገርና የሚያነሱትን ክርክር እያዩ ዘመናቸውን ለመለየት እንዴት እንደሚሞክሩ ይናገራል። በቆዳና በአጥንት ላይ ተጽፎ የነበረው እንዴት እንደተሰበሰበም ይመረምራል። አብዲ ነቢዩን እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰው ብቻ የሚያይ ገጽ ላይ ሲደርስ ተቆጥቶ መጽሐፉን ዘጋው፤ ሁለት ቀን አልነካውም። ከዚያ የጥንቶቹ ዑለማዎች፣ የእስልምና ሊቃውንቱም፣ የትኛው መካ፣ የትኛው መዲና፣ በምን ምክንያት ወረደ እያሉ ብዙ እንደደከሙ አስታወሰ።

ኤልያስን፣ «ማን እንደተናገረው አውቃለሁ። መቼና ለማን እንደሆነ ብጠይቅ ምን አጠፋሁ?» አለው። ይህን ሁሉ ለእኔ ለደንበኛው የነገረኝ አብዲ ራሱ ነው፤ እምነቴ ሌላ ስለሆነ አጉድዬው ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

አብዲ ያጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። ወጉ ልጆች ከቁርኣኑ መጨረሻ ካሉት አጫጭር ሱራዎች ጀምረው ወደ መጀመሪያው እያነበቡ እንዲመለሱ ነው። እሱ ግን በደስታ ብዛት ወጉን ተወው። ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ ሱራዎቹን የወረዱበት ነው ብሎ ባሰበው ተራ እየጻፈ ማስቀራት ጀመረ። ለማንም አልተናገረም።

በ2009 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች ልጆቹን ሊፈትኑ መስጊድ ተቀመጡ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸው ኪያ ተነሥታ በቀጥታ ‹አንብብ› ከሚለው ጀመረች።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ሐጂ። «እነዚያን አጫጭሮቹን የት ጣልሻቸው?»

«ገና አልወረዱም፣ አባባ።»

ሐጂ ወደ አብዲ ዞሩ።

«አብዲ፣ ቁርኣኑን እንደ ሱሪ ፈትተህ እየሰፋኸው ነው?»

አብዲ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቹን ከሱ እናንሳ፤ መርፌውን ይያዝ» አሉ። ሌሎቹም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐጂ ግን ልጅቷን አላስቀመጧትም። «እስኪ ሌላ ምን አስቀራሽ?»

«ወዱሓ የምትባለውን ሱራ። ከአላህ የሚመጣው ወሕይ ትንሽ ጊዜ ቆሞ ነበር። ሰዎች ‹ጌታው ተወው› እያሉ ሲያፌዙ ነቢዩ አዘኑ። ያኔ ‹ጌታህ አልተወህም፣ አልጠላህምም› የሚለው ወረደ። ኡስታዝ ስንቀራው እነዚያን ቀኖች አስቡ ብሎናል።»

«ስድሳ ዓመት ቀርቻታለሁ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «በምን ሐዘን መካከል እንደመጣች ግን ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ አብዲን፣ «ከሷ ቀጥላስ የትኛዋ ወረደች?» አሉት።

«አላውቅም ሐጂ። ዑለማዎቹም አይስማሙም። ሳላውቅ ተራ ማበጀቴ፣ ሳላማክር መጀመሬም ጥፋት ነው።»

«እንግዲያው አቀራሩ እንደ ወጉ ይሁን። አንዷን ሱራ ሲጨርሱ መቼና ስለ ምን እንደወረደች ትነግራቸዋለህ። የማታውቀውን ለኛ እንዳልከው አላውቅም በላቸው።»

መርፌውን ይያዝ ያሉት ሽማግሌ አጉረመረሙ፤ የልጅ ልጆቻቸውን መላክ ግን አልተዉም።

ኪያ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ታጠናለች። ክረምት ስትመጣ ከኡስታዝ ጋር ይከራከራሉ፤ አንዳንዴ እሷ ትረታለች። ጠዋት በዚያ ሳልፍ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አንድ ላይ ቁርኣን ሲቀሩ እሰማለሁ። ከዚያ ድምፃቸው ይቆማል፤ ኡስታዝ መተረክ ጀምሯል ማለት ነው።